የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህራን የክፍያ ልዩነት፦ ከድሬዳዋ አንጻር ሲታይ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው ስልሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የሦስት አስተዳደሮችን ወሰን ያቋርጣል። መነሻው የድሬዳዋ አስተዳደር ነው፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐሮማያን ሲያልፍ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ መድረሻው የሐረሪ ክልል ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር ደግሞ ብዙ ሳይርቅ ሶማሌ ክልል ይገባል። በእነዚህ አራት አስተዳደሮች የሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንድ አገራዊ የትምህርት ፖሊሲ ይመራሉ፤ የርዕሰ መምህራኖቻቸው ደመወዝ ግን የሚወጣው ከአራት የተለያዩ በጀቶች ነው።

የልዩነቱ ሕጋዊ ምንጭ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(ረ) ክልሎች የመንግሥት ሠራተኞቻቸውን የሚመለከት ሕግ እንዲያወጡ ሥልጣን ይሰጣል፤ በዚያው ላይ ለሥራ መደቦች የሚጠየቀው ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ ከአገራዊው መመዘኛ ጋር እንዲቀራረብ ያዛል። ስለ ክፍያ መቀራረብ የሚናገረው የለም። በሌላ አነጋገር ርዕሰ መምህሩ ምን መማር እንዳለበት በመላ አገሪቱ ተመሳሳይ እንዲሆን ሲፈለግ፣ ምን ማግኘት እንዳለበት ለከፋዩ አቅም ተትቷል። ድሬዳዋ በአንቀጽ 47 ከተዘረዘሩት ክልሎች አንዷ አይደለችም። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር የተሰጣትና ተጠሪነቷ ለፌደራል መንግሥት የሆነ ከተማ ስትሆን፣ ወጪዋን የምትሸፍነው ከራሷ ገቢና ከፌደራል ድጎማ ነው።

የመነሻ ደመወዝ ብቻ ከታየ ልዩነቱ ጎልቶ አይወጣም። ክልሎች የፌደራሉን ስኬል በየራሳቸው ውሳኔ ተቀብለው ስለሚሠሩበት በአንድ ደረጃና እርከን ላይ ያሉ ሁለት ርዕሰ መምህራን በደመወዝ መዝገብ ላይ ተቀራራቢ አኃዝ ይኖራቸዋል። ልዩነቱ የሚፈጠረው ከዚያ በታች ባሉት ዓምዶች፣ ማለትም በኃላፊነት አበል፣ በቤት አበል፣ በትራንስፖርትና በበረሃ አበል ነው። እዚህ ላይ ብዙም የማይስተዋል ነገር አለ፤ ይኸውም የአበሉ ስሌት ነው። በቁርጥ ብር የተወሰነ አበል ስኬሉ በተሻሻለ ቁጥር ከጠቅላላ ገቢው የሚይዘው ድርሻ ያንሳል፤ ከደመወዝ በመቶኛ የሚታሰበው ግን ከደመወዙ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የደመወዝ ማሻሻያ በሁለት አጎራባች አስተዳደሮች የተለያየ ውጤት ሊያስከትል ይችላል።

የቅርብ ጊዜዎቹ ሁለት ማሻሻያዎች የሚያሳዩት ሌላ ገጽታ አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ2017 ዓ.ም. በተሠራበት ስኬል የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ከፍ አለ። ከታችኛው እርከን 18 እጥፍ በላይ የነበረው የላይኛው እርከን በአንድ ጊዜ ወደ 4.5 እጥፍ ወረደ። ዝቅተኛ ተከፋዩን ለመታደግ የታሰበ እርምጃ እንደመሆኑ ተገቢነቱ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን በደረጃ ዕድገት መሰላል ላይ ዓመታት ቆጥሮ ለወጣ ሰው ከበታቹ ካለው ጋር የነበረው ርቀት ጠበበ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲሻሻል ርቀቱ መልሶ ወደ 6.5 እጥፍ ሰፋ። መምህራንና ርዕሰ መምህራን የራሳቸው የደረጃ መሰላል ቢኖራቸውም ከዚህ መጥበብና መስፋት ውጭ አይደሉም። ልምድ ያለው መምህር ርዕሰ መምህርነትን ሲቀበል የክረምት ዕረፍቱን፣ የማታ ክፍለ ጊዜውንና የግል ማስጠናቱን ይተዋል። የደረጃዎች ርቀት በጠበበበት ዓመት ይህን የሚያካክስለት ከአበሉ ሌላ እምብዛም የለም።

ድሬዳዋ ላይ ጉዳዩን የሚያከብደው ቋንቋ ነው። በአስተዳደሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። በዚህም ምክንያት የከተማዋ ርዕሰ መምህራን ገቢያቸውን የሚያስተያዩት ከአንድ ጎረቤት ጋር አይደለም። በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ኃላፊ ዓይኑን ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ የሶማሊኛው ወደ ሶማሌ ክልል ማማተሩ የሚጠበቅ ነው። አንዱ ጎረቤት አበል በጨመረ ጊዜ ድሬዳዋ የምታጣው ሰው ከሦስቱ የትኛውን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሚጎዳ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። በጥቅል አማካይ ላይ ብቻ የሚመሠረት ጥናት ይህን አያገኘውም።

የሚከፈለው መጠን ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበት ቀንም የክፍያ አካል ነው። በወላይታ ዞን የመምህራን ደመወዝ የተቆራረጠባቸው ወራትና በትግራይ ከጦርነቱ ጊዜ የተጠራቀመው ውዝፍ እንዳሳዩት፣ በስኬሉ ላይ እኩል የሆነ ደመወዝ በተግባር እኩል ላይሆን ይችላል። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ሥልጣን ወደ ካውንቲዎች ስታወርድ የመምህራንና የርዕሰ መምህራን ቅጥርና ደመወዝ በአገር አቀፉ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን እጅ እንዲቆይ ማድረጓ ከዚህ አንጻር ሊጤን የሚገባው ነው፤ በእርግጥ ይህ መንገድ የክልልን ሥልጣን በሚነካ አገር በቀላሉ የሚገለበጥ አይደለም።

ልዩነቱ በአስተዳደሩ ውስጥም አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከድሬዳዋ 341,834 ነዋሪዎች በከተማ የሚኖሩት 233,224 ነበሩ፤ ሲሶ ያህሉ ገጠር ነው። በዋሒል ወይም በቢዮ አዋሌ የሚሠራ ርዕሰ መምህር ከቀዚራው ባልደረባው ጋር በአንድ ስኬል ይከፈለዋል፤ ለስብሰባ፣ ለሪፖርትና ለመጽሐፍ ርክክብ ወደ ከተማ በተመላለሰ ቁጥር የትራንስፖርት ወጪው ከኪሱ ከሆነ ግን በወሩ መጨረሻ የሚተርፈው አንድ አይሆንም።