«መቶ አይተሃል?»

በእኛ ቤት «የለም» ብሎ መመለስ ቀላል አልነበረም። ቁልፍ ጠፍቶብኝ «ፈለግኩት፣ የለም» ስላት እማዬ ቀና እንኳ ሳትል «መቶ አይተሃል?» ትለኛለች። ልጅ ሆኜ ነገሩ አይገባኝም ነበር። ከሥራዋ የመጣ አባባል መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

እማዬ ጡረታ እስክትወጣ ከ30 ዓመት በላይ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች። አብዛኛውን ጊዜ የሠራችው ወባ በማይጠፋበት አርባ ምንጭ ነው። ዛሬ በጣት ደም ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ፈጣን መመርመሪያ አለ። በእሷ ጊዜ ግን ደሙ ስላይድ ላይ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ጊምሳ በሚባል ቀለም ይነከራል። ከዚያ ዘይት ጠብ ተደርጎበት 1,000 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ዓይን በአንድ ጊዜ የሚያየው ክብ ቦታ «ፊልድ» ይባላል። ቢያንስ 100 ፊልድ ሳይታይ «ወባ የለም» ተብሎ አይጻፍም። ሕጉ ይኸው ነው።

እማዬ ይህን ሕግ አንድ ቀን ጥሳዋለች። ስትነግረን እንደ ጀብዱ ሳይሆን እንደ ንስሐ ነበር።

ኅዳር ነው፤ ክረምቱ አልፎ ወባ የሚበረታበት ወቅት። ወረፋው ከበር ውጭ ተሰልፏል። የአንድ ትንሽ ልጅ ስላይድ ላይ 30 ያህል ፊልድ አይታ «አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ማታ ለጸሎት ስትቆም ግን ያ ስላይድ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ነጠላዋን ደርባ ተመለሰች፤ ዘበኛውን አስከፈተች። 71ኛው ፊልድ ላይ አገኘችው፦ ቀይ ነጥብ ያለው ሰማያዊ ቀለበት። ካርዱ ላይ ያለው የልጁና የአባቱ ስም፣ ከዚያ ቀበሌው ብቻ ነው። ከዘበኛው ጋር ባትሪ ይዘው ቤት ለቤት ሲያንኳኩ አመሹ። ሲያገኙት ልጁ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ተሸክመው አመጡት። ተረፈ።

«እኔማ ልገድለው ነበር። ጸሎቴን ያስቆመኝ እግዚአብሔር ነው ያዳነው» ትላለች።

እምነቷና ሙያዋ ተጣልተው አያውቁም። ማይክሮስኮፑ ላይ ከማጎንበሷ በፊት ታማትባለች። አማኝ መሆኗን የሚያውቁ የቲቢ ሕመምተኞች «ሲስተር፣ ጸበል ልግባ ወይስ ኪኒኑን ልዋጥ?» ይሏታል። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በዛ። መልሷ አንድ ነው፦ «ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ። ሁለቱንም የሰጠ እሱ ነው።» የቲቢ መድኃኒት 6 ወር ይወሰዳል። ሳሉ ሲቀል «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቋርጥ ሰው በሽታው መድኃኒት ተላምዶ እንደሚመለስበት ስለምታውቅ፣ የቀረ ሰው ካለ ሰፈሩ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች።

በጾም እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። ምሳ ዕቃዋን ግን ጠዋት ጠዋት ትቋጥራለች። «እየጾምሽ ለማን ነው?» ስላት «ኪኒን በባዶ ሆድ ለሚከብደው አይጠፋም» አለችኝ።

በዚህ ሁሉ እኮራ ነበር። ወንድሜ ላይ ሲሆን ግን አናደደችኝ።

ታላቅ ወንድሜ መጠጥ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንድ ቀን የጡረታ ብሯን ይዞ ጠፋ። እኔ ቁጥሩን ብሎክ አድርጌ ጨረስኩ። እሷ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ከዶሮው ወጥ የእሱን ድርሻ ለይታ ታስቀምጣለች።

«እማዬ፣ እሱ አይመለስም። በቃ!» አልኳት።

«ስንት ጊዜ ደወልክለት?»

«ሦስት።»

ፈገግ ብላ ዝም አለች። ቀሪውን መናገር አላስፈለጋትም።

እማዬ አምና በሐምሌ አረፈች። ወንድሜ ቀብሯ ላይ አልነበረም፤ መሞቷንም የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። አርባዋን ካወጣን በኋላ ያቺን ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልኳን ከፈትኩ። የደወለችባቸው ቁጥሮች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ማለት ይቻላል የእሱ ስም ነው። አልጋ ላይ ሆና እንኳ ስትደውል ነበር። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ አላየኋትም።

ያን ቀን ብሎኩን አነሳሁ።

እናንተም ስልክ ውስጥ «ይሄ ሰው ከእንግዲህ አይሆንም» ብላችሁ የዘጋችሁት ይኖር ይሆናል። ምክር ልሰጣችሁ አይደለም፤ እኔም ገና ጀማሪ ነኝ። ንዴቴም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ግን እማዬ «የለም» ብላ ጽፋ ከሸኘችው በኋላ የተገኘውን ያንን ልጅ ሳስብ፣ በሰው ላይ ውጤት ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል።

ትናንት ለ23ኛ ጊዜ ደወልኩ። ጠራ፤ አልተነሳም።

ገና መቶ አልሞላም።