ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ

እኛ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ የዝናብና የጭቃ ወራት ሲሆኑ በስዊዘርላንድ በጋ ነው። ልጆቻቸው አውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች ለጥየቃ የሚሄዱትም በዚሁ ጊዜ ነው። የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶላቸው ይጠብቋቸዋል፤ ብዙዎቹም ብስክሌታቸውን አዘጋጅተው። እኔም ሴት ልጄን ለመጠየቅ ሲዮን ወደምትባል ከተማ በሄድኩበት ክረምት የጠበቀኝ ይኸው ነበር። በወጣትነቴ ባሕር ዳር ስሠራ ከቤቴ ወደ ጤና ጣቢያ የምመላለሰው በብስክሌት ስለነበር ነገሩ አላስፈራኝም። መፍራት የነበረብኝን ነገር የተማርኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሲዮን ያለችው በቫሌ ካንቶን፣ የሮን ወንዝ በሚፈስበት ረጅም የአልፕስ ሸለቆ ውስጥ ነው። ወንዙ ፉርካ ከሚባለው የተራራ መተላለፊያ አጠገብ ካለው የበረዶ ግግር ይነሳና በተራሮች መካከል ተጉዞ ጄኔቫ ሐይቅ ይገባል። በሸለቆው ግራና ቀኝ ከ4000 ሜትር በላይ የሆኑ ጫፎች አሉ። የሸለቆው ወለል ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ሲዮን ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ብቻ ትገኛለች።

በስዊዘርላንድ የብስክሌት መንገዶች ቁጥር አላቸው። ቀይ የመንገድ ምልክት ላይ አንድ አኃዝ ካያችሁ አገር አቀፍ መንገድ ነው፤ ሁለት አኃዝ የአካባቢ፣ ሦስት አኃዝ ደግሞ የአጭር ርቀት መንገድ ነው። ቁጥር 1 የሮን መንገድ ሲሆን ከአንደርማት ተነስቶ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጄኔቫ ይደርሳል። ቤተሰብ ይህን ሁሉ መሄድ አይጠበቅበትም። በሸለቆው ባቡር ስላለና ባቡሩም ብስክሌት በቲኬት ስለሚጭን፣ ከፈለጉበት ጀምሮ በደከሙበት ማቆም ይቻላል።

ለአያትና ለልጅ ልጅ የሚስማማው ከብሪግ እስከ ማርቲኒ ያለው ነው። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ብዙውን ቦታ የወንዙን ዳር ይዞ ይሄዳል። ሲዮን ላይ አድሮ ለሁለት ቀን ቢከፈል ይሻላል። ዳገቱ ላይ የወይን ተክል፣ ወለሉ ላይ የአፕሪኮት ዛፍ ታያላችሁ። በሐምሌ ፍሬው ደርሶ በመንገድ ዳር ይሸጣል።

ከዚያ ከፍ የሚለው ከኦበርቫልድ እስከ ብሪግ ያለው ክፍል ነው። ኦበርቫልድ 1370 ሜትር ገደማ፣ ብሪግ ደግሞ 680 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ላይኛው ክፍል በጥቁር የእንጨት ቤቶች መንደሮች መካከል ለስለስ ብሎ ይወርዳል። ታችኛው ግን ድንገት ቁልቁል ይሆናል፤ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው እዚያ ሲደርስ ባቡር ቢሳፈር ምንም አይጎድልበትም።

ሦስተኛው ትልልቆቹ መተላለፊያዎች ናቸው፦ ፉርካ 2429 ሜትር፣ ግሪምዝል 2164 ሜትር፣ ኑፌነን 2478 ሜትር። እነዚህ በክረምታቸው በበረዶ ተዘግተው በበጋ የሚከፈቱ፣ ልምድ ያላቸው ጎልማሶች የሚወጧቸው መንገዶች ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ እንግዳ ያሳስታል። ወንዙ ወደሚወርድበት መሄድ ይቀላል ብለን እናስባለን። ፀሐያማ በሆነ የበጋ ቀን ግን ፀሐይ የተራራውን ጎን ስታሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፤ በምትኩ ከሐይቁ በኩል ያለው አየር ወደ ሸለቆው ይሳባል። ከሰዓት በኋላ በማርቲኒና በሲዮን መካከል ይህ ንፋስ ከባድ ነው። ወደ ማርቲኒ የሚወርድ ሰው ሜዳ ላይ ዳገት የሚወጣ ያህል ይደክማል። ስለዚህ ወደ ታች የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ጨርሱ፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ከማርቲኒ ወደ ሲዮን ሂዱ፤ ንፋሱ ራሱ ይገፋችኋል።

ከማርቲኒ ወደ ሐይቁ ሲወረድ ኤግል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤትና ማሠልጠኛ ማዕከሉ እዚያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴውን ማልያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚህ ማዕከል ሠልጥኗል። የኛው ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው ዓይኑ በራ። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። "እማማ፣ እኔም ተራራ ልውረድ" አለኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። አባቱ ሲያመነታ "ፉርካ እኮ ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም፤ እኛ እዚያ ከፍታ ላይ ወልደን አሳድገናል" ብዬ ተመጻደቅሁ። እውነትም አዲስ አበባ በአማካይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው ብቻ ሰው እንደማይጎዳ አውቃለሁ። ብርዱን ግን ዘነጋሁት። አየር በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ከሲዮን እስከ ፉርካ ልዩነቱ 12 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። በቁልቁለት ፍጥነት የሚመታው ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ብስክሌቶቹን በመኪና ጭነን ፉርካ ወጣን። አባትና ልጅ መውረድ ጀመሩ፤ እኔና ልጄ በመኪና ከኋላ ተከተልን። ልጁ ሄልሜት አድርጓል፤ ሸሚዙ ግን ስስ ነው፤ እጁም ባዶ። ጥቂት ኩርባዎችን ደህና አለፈ። ከዚያ አንዱ ላይ ብስክሌቱ ፍጥነት አልቀንስ ብሎ የመንገዱን መሀል መስመር አልፎ ሄደ። ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። በተቃራኒው ጠርዝ ካለው ድንጋይ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሮጬ ስደርስ "ጣቶቼ እምቢ አሉኝ" አለኝ፤ ፍሬኑን መጨበጥ አልቻለም ነበር። እጆቹ በረዶ ሆነዋል። ብብቴ ውስጥ አስገብቼ ያዝኳቸው። ስንት ዓመት ሰው ሳክም የኖርኩ ሴት ለገዛ የልጅ ልጄ ጓንት አላሰብኩም። ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭነን ወረድን፤ እስከ ታች ድረስ ማናችንም አልተናገርንም።

ቁልቁለት ለባለሙያም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በቱር ደ ስዊስ ውድድር ጂኖ ሜደር የተባለው የ26 ዓመት ስዊዘርላንዳዊ ከአልቡላ መተላለፊያ ሲወርድ ወድቆ በማግስቱ አርፏል። ዳገት ሲያቅት ወርዶ መግፋት ይቻላል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን ካጡ ሌላ ምርጫ የለም።

ስለዚህ ለልጅ ጓንትና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት መያዝ የግድ ነው። በላብ የረጠበ ሸሚዝ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ይቀየር። የፍሬኑ እጀታ ከትንሽ እጅ ከራቀ በብሎኑ ይስተካከል። ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ቀጥ ባለው ላይ፣ በሁለቱም እጅ ይያዝ። ለረጅም ጊዜ ሳይለቁ መያዝ ቸርኬውን ያግላል፤ ስለዚህ እየያዙ መልቀቅ ነው። እጁ የቀዘቀዘ ልጅ እስኪሞቀው ይቁም እንጂ አይቀጥል።

ለእኛ ለአያቶችም ጥቂት ልበል። ለደም ግፊት እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የልብ ምታችሁን ያዘገየዋልና ድካማችሁን በልብ ምት አትለኩ። እየነዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተ ፍጥነት ይቀነስ። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሙቀት ቶሎ ውሃ ያጥረዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ስኳር ኪሱ ይያዝ። ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ እንጂ መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ደረት ከጨነቀ ወርዶ መቀመጥና 144 መደወል ነው፤ በስዊዘርላንድ የአምቡላንስ ቁጥሩ ይህ ነው።

ጉልበት ያነሰን ሰዎች ኤሌክትሪክ ብስክሌት ያግዘናል። ፔዳል ስትመቱ ሞተሩ እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይረዳል። በቀንም ቢሆን መብራቱን ማብራት ሕጋቸው ነው። ክብደቱ ግን ከተራው ይበልጣልና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ቀድሞ መያዝ አለበት።

ከሦስት ቀን በኋላ ከማርቲኒ ተነስተን ወደ ሲዮን ሄድን። ንፋሱ ከኋላችን ነበር። እኔ በኤሌክትሪኩ፣ እሱ በትንሹ ብስክሌቱ፣ ጎን ለጎን እያወራን። መሀል ላይ ቆመን አፕሪኮት ገዛን። ፉርካ ላይ አብረን በነበርንበት ሰዓት አንድ ቃል አልተለዋወጥንም ነበር፤ እዚህ ግን ስለ ባሕር ዳር፣ ስለ ጣና፣ በብስክሌቴ ኮርቻ ላይ ጭኜ ስለማዞራት ስለ እናቱ ሕፃንነት ጠይቆ አልጠገበም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ሰሞኑን ለጥየቃ የምትሄዱ፣ በሻንጣችሁ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን አንድ ጥንድ የልጅ ጓንት ጨምሩ።