ከሟች ባል የቀረ የራዲዮ መኪና በየትኛው ገበያ ይሸጥ?

በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ለአንድ ወዳጃችን የጻፉት ደብዳቤ ከእጃችን ገብቶ አነበብነው። ባለቤታቸው አርባ ዓመት ሙሉ የራዲዮ አማተር ነበሩ። አማተር የሚባለውም ደመወዝ ሳይቀበል፥ ስለ ዕውቀት ፍቅር ብቻ፥ ከመንግሥት ፈቃድ አውጥቶ በገዛ መኪናው ከሩቅ አገር ሰዎች ጋራ የሚነጋገር ሰው ነው። እኒህ ጌታ ባረፉ ጊዜ ምድር ቤታቸው መቀበያና ማስተላለፊያ መኪና፥ የሽቦ ጥቅልና የመስተዋት አምፑል እንደ ሞላበት ቀረ። ከቀብር መልስ አንድ ሰው ወደ እመቤቲቱ ቀረብ ብሎ «አይጨነቁ፤ ሁሉንም በ300 ዶላር አነሣልዎታለሁ፥ ቤቱም ይለቀቅልዎታል» አላቸው። ኀዘን ላይ ስለ ነበሩ እሺ ለማለት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ነገር ግን ሟቹ አንዱን መኪና ለመግዛት የስንት ወር ገንዘብ እንዳጠራቀሙ ትዝ ቢላቸው «ይቆየኝ» ብለው መለሱት።

መቆየታቸው መልካም ሆነ። በልጅነታቸው ይህን ጥበብ የተማሩት ብዙዎቹ ዛሬ ሸምግለዋልና እንዲህ ያለው ጭንቀት በብዙ ቤት ይገባል። አማተሮችም የሞተውን ጓደኛቸውን «ቁልፉ ዝም አለ» ይሉታል፤ ቁልፍ የሚሉት የቴሌግራፉን መምቻ ነው።

ወደ ገበያው ከመድረሳችን በፊት አንድ ነገር እናሳስባለን። የማያውቅ ሰው መኪናውን ከኤሌክትሪክ ጋራ አያገናኝ፥ ክዳኑንም አይክፈት። ብዙ ዘመን ያለ ሥራ የቆየ መኪና በድንገት ኃይል ቢሰጡት በውስጡ ያሉት ዕቃዎች ይቃጠላሉ። የአምፑል ማጉያ የሚባለውማ በውስጡ 2000ና 3000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ስላለበት ሽቦው ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን የሚያውቅ የታመነ ሰው ተጠርቶ እያንዳንዱን በስሙና በቍጥሩ ይጻፍ። ይህም ሰው ራሱ ገዢ አይሁን፤ የሚገምተውና የሚገዛው አንድ ከሆነ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው።

በዝርዝሩ ላይ ዋጋና ግዝፈት አንድ አለመሆናቸው ይገለጣል። አርተር ኮሊንስ በ1933 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በአይዋ ግዛት ያቋቋሙት ኩባንያ የሠራቸው መኪናዎች እስከ ዛሬ ፈላጊ አላቸው። የሂዝኪት ዕቃ ግን ገዢው ራሱ በቤቱ የሚገጣጥመው ስለ ነበረ ዋጋው የገጣሚውን እጅ ይከተላል፤ ብየዳው ካማረ ይወደዳል፥ ካልሆነ ይጣላል። ከመሳቢያ ውስጥ የሚገኝ አሮጌ የቴሌግራፍ መምቻም አንዳንድ ጊዜ አራት እጅ ከሚያነሣው መኪና የበለጠ ያወጣል። ሟቹ በገዛ እጃቸው የፈለሰፉት መኪና ግን ገበያ የለውም። ይህ ለቤተ ሰብ የሚያሳዝን ነው፤ የደከሙበት ሁሉ በዚያው አለና።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በአሜሪካ ከሁሉ የታወቀው በኦሃዮ ውስጥ በዴይተን ከተማ በ1952 የተጀመረው የአማተሮች ጉባኤ ነው። ከ1964 እስከ 2016 ሐራ አሬና በሚባል አዳራሽ ይደረግ ነበር፤ አዳራሹ ሲዘጋ በ2017 በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ዚንያ ከተማ ሜዳ ተዛወረ። በዚያው ዓመት ዝናም ጥሎ ገዢና ሻጭ በጭቃ ሲዳክሩ ዋሉ ይባላል፤ ገበያውን ግን የተወው የለም። በግንቦት ወር ዓርብ ተጀምሮ እሑድ ያበቃል። ሻጩ የቦታ ኪራይ ከፍሎ ጠረጴዛውን ይዘረጋል። ገዢውም መጥቶ ያነሣል፥ ያገላብጣል፥ ክዳኑን ገልጦ ይመረምራል፥ ይከራከራል። የኛን መርካቶ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢቆም እንግዳ አይሆንም። ዋጋው ከፍ የሚለው ዓርብ ጧት ነው፤ እሑድ ቀትር ሲሆን ሻጩ የከበደውን ወደ ቤቱ ከመመለስ በርካሽ መልቀቅ ይመርጣል። በአውሮፓም ከ1976 ጀምሮ በጀርመን አገር በቦደን ሐይቅ ዳር በፍሪድሪክስሐፈን ከተማ የሚደረገው ትርኢት የዚህ ዐይነት የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለው።

ሁለተኛው መንገድ በኤሌክትሮኒክ ሐራጅ መሸጥ ነው። ከ1995 ወዲህ የቆመው ኢቤይ ዕቃውን ለዓለም ሁሉ ያሳያል፤ ስለዚህ ብርቅና ትንሽ ለሆነው ዕቃ የተሻለ ነው። ነገር ግን ገበያው ለራሱ ከዐሥር አንድ የሚበልጥ ይወስዳል። ከባዱ መኪና በፖስታ ሲላክ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ተነቅሎ የቀረውን ሊያደቀው ይችላል፤ አስቀድሞ ካላወጡትና ለብቻው ካላሸጉት ገንዘብ ወደ መመለስ ይደረሳል። ከዋጋው የበለጠ ቼክ ልኮ «ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ገዢ ቢመጣ ሌባ መሆኑ አይጠርጠር፤ ቼኩ ውሎ አድሮ ዋጋ ቢስ ሆኖ ይገኛል።

ዕቃ ተቀብሎ የሚሸጥ ነጋዴም አለ። እርሱም መኖር ስላለበት ትርፉን ይይዛል፤ ለቸኰለ ሰው ይጠቅማል።

እኛ ግን እንደ እኒህ እመቤት ያለ ሰው በመጀመሪያ ሟቹ አባል ወደ ነበሩበት ማኅበር ቢሄድ ይሻላል እንላለን። በዚያ ያሉት ሟቹንም ዕቃውንም ያውቃሉ፤ በፊታቸውም ማታለል ያሳፍራል። ከማኅበሩ የተረፈው ከባዱ ወደ ሜዳው ገበያ፥ ትንሹ ወደ ሐራጅ ይሂድ። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ልላክ የሚል ቢኖር ደግሞ በ2019 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ፈቃዱ አስቀድሞ ይጠይቅ።

አማተሮች ከተነጋገሩ በኋላ የሚላላኩት የፖስታ ካርድ በሣጥን ተሞልቶ ቢገኝ አይቃጠል። በቪየና ከተማ በሚሊዮን የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ ካርዶችን የሚጠብቅ መዝገብ ቤት አለ።

እመቤቲቱም እንዲሁ አደረጉ። ማኅበሩ ሦስት ሽማግሎች ልኮ ዝርዝሩን ጻፈላቸው፤ ኮሊንሱ ብቻውን ያ ሰው ለሁሉ ከሰጠው ዋጋ በላይ አወጣ። ያልተሸጠ ቢኖር የሟቹ የጥሪ ስም ነው። በአሜሪካ ሕግ ይህ ስም ባለቤቱ ከሞተ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ፈቃድ ያለው የቅርብ ዘመድ ግን ሊጠይቀው ይችላል። ለመጀመሪያው ፈቃድ ከ35 ጥያቄ 26ቱን መመለስ ይበቃል፤ የሞርስ ፊደል ፈተናም ከ2007 ወዲህ ቀርቷል። የልጅ ልጃቸው መጽሐፉን ገዝቶ በዚያው ምድር ቤት እያጠና መሆኑን በደብዳቤው መጨረሻ ጽፈዋል፤ መምቻውንም ለእርሱ አስቀምጠውለታል።