በፍርሃት የወጣ ሕግ በማን ላይ ይወድቃል?

የመደብ ጥቅም በተለያየበት ኅብረተሰብ ውስጥ «የአገር ጸጥታ» የሚለው ቃል ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ለፋብሪካው ባለቤት ጸጥታ ማለት መኪናው ሳይቆም፣ ትርፉም ሳይጎድል ማደሩ ነው። ለሠራተኛው ግን ጸጥታ ማለት ነገም ወደ ሥራው እንደሚመለስ፣ በሌሊት በሩ እንደማይደበደብ፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተናገረው ቃል ከእንጀራው እንደማያፈናቅለው ማወቁ ነው። በሰላሙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ተቻችለው የሚኖሩ መስለው ይታያሉ። ፍርሃት በአገር ላይ በወደቀ ጊዜ ግን ገዥው ክፍል ለሕዝቡ አንድ ውል ይዞ ይቀርባል። «ከመብትህ ጥቂት ቀንሰህ ስጠኝ፤ እኔም ጸጥታህን እጠብቅልሃለሁ» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ውል በአሜሪካ የሠራተኛ እንቅስቃሴ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደተፈጸመና ዋጋውን ማን እንደከፈለ መመርመር ነው። አሜሪካን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የመናገር፣ የመሰብሰብና ያለ ፍርድ ያለመቀጣት መብቶችን በሕገ መንግሥቷ ጽፋ ያስቀመጠችና በዚሁም ለዓለም ስታስተምር የኖረች አገር ናት። ውሉ እዚያ ያደረሰው ጉዳት፣ መብት በወረቀት እንኳ ባልሰፈረበት አገር ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለመገመት ያስችላል። የአሜሪካን ጉዳይ በሚመለከት የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጁን 1917፣ የስለላ ሕግ ተብሎ የሚጠራው ሕግ ወጣ። ሕጉ የወጣው የጠላትን ሰላዮች ለመያዝ ነው ተባለ፤ ወደ ወኅኒ የወረዱት ግን በብዛት ጦርነቱን በአደባባይ የተቃወሙ ሶሻሊስቶችና የሠራተኛ ማኅበራት ሰዎች ነበሩ። ከነዚህም አንዱ የቀድሞው የባቡር ሠራተኛ ዩጂን ዴብስ ነው። ዴብስ በጁን 1918 በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ ስላደረገው አንድ ንግግር የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ1920 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ በአትላንታ ወኅኒ ቤት እንዳለ ተወዳድሮ ከ900,000 በላይ ድምፅ አገኘ። ከእስር የወጣው ጦርነቱ ካበቃ ከ3 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1921 ነበር። ይህ ሕግ በኋላም ስለሚያስፈልገን አንባቢ ዓመተ ምሕረቱን እንዲያስታውስ እናሳስባለን።

ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ሲቆም የኑሮው ውድነት አልቆመም። በ1919 ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ የአሜሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በፌብሩዋሪ በሲያትል ከተማ ወደ 65,000 የሚሆኑ ሠራተኞች አጠቃላይ አድማ መቱ። በሴፕቴምበር ደግሞ ወደ 350,000 የሚጠጉ የአረብ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራቸውን አቆሙ፤ ብዙዎቹ በቀን 12 ሰዓት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ከጥያቄዎቻቸው ዋነኛው የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ነበር። በሩሲያ የተቀጣጠለው አብዮት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ቱጃሮቹ በእያንዳንዱ የደመወዝ ጥያቄ ጀርባ የሞስኮን እጅ ማየት ጀመሩ፤ ያላዩትም ቢሆን አየን ማለቱ ጠቀማቸው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸፈን የለበትም። ፍርሃቱ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። በኤፕሪል 1919 በዛ ያሉ ቦምቦች ለባለ ሥልጣናትና ለከበርቴዎች በፖስታ ተልከዋል። ጁን 2 ቀን ማታም በስምንት ከተሞች ቦምብ ፈንድቷል፤ አንዱ የፈነዳው በዋሽንግተን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሚቸል ፓልመር ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ቦምብ የሚያፈነዳን ሰው ፈልጎ ለፍርድ ማቅረብ የማንኛውም መንግሥት ግዴታ ነው። መመርመር ያለበት በዚህ ግዴታ ስም የተሠራው ሥራ ነው።

ፓልመር በኦገስት 1919 በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ አዲስ የመረጃ ክፍል አቋቁሞ ጆን ኤድጋር ሁቨር ለሚባል የ24 ዓመት ወጣት አስረከበው። ክፍሉ ማን ምን እንዳደረገ ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንደሚያስብ፣ የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነና የትኛውን ጋዜጣ እንደሚያነብ በካርድ ይመዘግብ ጀመር። በኖቬምበር 7 ቀን በኒውዮርክ የሩሲያ ሠራተኞች መሰብሰቢያ የነበረው ቤት ሲወረር፣ ለማታ ትምህርት የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ተደብድበዋል። በዲሴምበር 21 ቀን 249 ሰዎች ቡፎርድ በምትባል መርከብ ተጭነው ወደ ሩሲያ ተላኩ። በጃኑዋሪ 2 ቀን 1920 ምሽት ደግሞ ከ30 በሚበልጡ ከተሞች በአንድ ጊዜ አፈሳ ተደረገ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተያዙ፤ ብዙዎቹም የመያዣ ትእዛዝ አልታየላቸውም። በዲትሮይት ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ የመንግሥት ሕንፃ መተላለፊያ ላይ ታጉረው ቀናትን አሳለፉ።

ይህ ሁሉ እንዴት ያለ ዳኛ ሊሆን ቻለ? የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተያዙት በአብዛኛው ዜግነት ያልወሰዱ ስደተኛ ሠራተኞች ነበሩ። የውጭ አገር ሰውን ከአገር ማስወጣት እንደ ቅጣት አይቆጠርም፤ «አስተዳደራዊ ውሳኔ» ነው ይባላል። ቅጣት ካልሆነ ፍርድ ቤት አያስፈልገውም፤ ፍርድ ቤት ካላስፈለገም ምስክርና ማስረጃ አይጠየቅም። መንግሥት አንድም የሕገ መንግሥት አንቀጽ ሳይሰርዝ፣ የመብቱ አጥር ዝቅ ያለበትን ቦታ ፈልጎ በዚያ ገባ። በአጥሩ ዝቅተኛ ሥፍራ ሰፍሮ የሚገኘው ምን ጊዜም ድሀውና መጻተኛው ነው።

ይህን ያስቆመው ከመንግሥቱ ውስጥ የተገኘ አንድ ሽማግሌ ነው። የአገር ማስወጣቱ ሥልጣን በሕግ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበርና፣ የሚኒስትሩ ረዳት የነበረው ልዊስ ፖስት መዝገቦቹን አንድ በአንድ አስመጥቶ መረመረ፤ ከሺህ የሚበልጡትንም ሰረዘ። በምክር ቤት ሊያስከስሱት ሞከሩ፤ ቀርቦ መለሰላቸው፤ ክሱም ከሸፈ። ፓልመር በሜይ 1 ቀን 1920 አብዮት ይፈነዳል ብሎ አስጠንቅቆ ፖሊስ በየከተማው ተጠንቅቆ አደረ። ቀኑ በሰላም አለፈ፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉም የጋዜጦች መሳለቂያ ሆነ።

ታዲያ ሕዝቡ በከፈለው ዋጋ ጸጥታ ተገዛ? በሴፕቴምበር 16 ቀን 1920፣ ያ ሁሉ አፈሳ ከተደረገ ከስምንት ወር በኋላ፣ በኒውዮርክ በዎል ስትሪት በጋሪ ላይ የተጫነ ቦምብ ፈንድቶ 38 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ተላላኪዎችና የቢሮ ጸሐፊዎች ነበሩ። ለዚህ ወንጀል እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰው እንኳ ለፍርድ አልቀረበም። ሺዎች ታፍሰው ቦምብ አፈንጂው አልተያዘም። የተያዘ ነገር ቢኖር አድማው ነው። «ቦልሼቪክ» የሚለው ስም የተለጠፈበት የአረብ ብረት ሠራተኞች አድማ በጃኑዋሪ 1920፣ ታላቁ አፈሳ በተደረገ በሳምንቱ፣ ያለ ውጤት ተበተነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ የመጣው ግን ፎርምና ማኅተም ይዞ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በማርች 1947 ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኞች ሁሉ የታማኝነት ምርመራ እንዲደረግባቸው ተወሰነ። ስለ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ብዙ ስለተባለ በእርሱ ላይ አንዘገይም፤ ማካርቲ በፌብሩዋሪ 1950 ጩኸቱን ሲጀምር ይህ ትእዛዝ በሥራ ላይ ከዋለ ሦስት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ሥርዐቱን የሠሩት ጯሂዎች ሳይሆኑ ጨዋ ባለ ሥልጣናት ናቸው።

የዶሮቲ ቤይሊን ጉዳይ እንመልከት። ቤይሊ ሥራ ፈላጊዎችን ከሥራ ጋር በሚያገናኝ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ፣ በመሥሪያ ቤቷም የሠራተኞች ማኅበር መሪ ነበረች። ኮሚኒስት ናት የሚል ጥቆማ ደረሰባት። ክሱን በመሐላ ካደች፤ የሚያውቋትም ቀርበው መሰከሩላት። በእርሷ ላይ ግን አንድም ምስክር አልቀረበም። የጠቋሚዎቹ ስም ይነገረኝ ስትል፣ የቦርዱ ሊቀ መንበር ሴት ሪቻርድሰን እነማን እንደሆኑ እርሱ ራሱም እንደማያውቅ ገለጸ። ዳኛውም ተከሳሽዋም ከሳሹን አያውቁትም ማለት ነው። ከቀረቡላት ጥያቄዎች አንዱ የጥቁሮችና የነጮች ደም ተለይቶ እንዳይቀመጥ ለቀይ መስቀል ደብዳቤ ጽፋ እንደሆነ የሚል ነበር። የዘር መድልዎን መቃወም በራሱ የመጠርጠሪያ ምልክት ሆኖ ነበርና። ከሥራዋ ተባረረች። ጉዳዩ በ1951 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ 4 ለ4 እኩል ስለተከፈሉ መባረሯ ጸና።

በዚያው በ1947 የወጣው የታፍትና ሃርትሊ ሕግ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ኮሚኒስት አለመሆናቸውን በቃለ መሐላ እንዲያረጋግጡ አዘዘ። መሪው ካልማለ ማኅበሩ በሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ዘንድ ሰሚ አያገኝም። አሠሪው ግን እንዲምል አልተጠየቀም! ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ በጥቂት ኮሚኒስቶች ምክንያት በተከፈተው ቀዳዳ አሠሪዎች ገቡ። በ1949 እና በ1950 ከሁለቱ ታላላቅ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረቶች አንዱ 11 ማኅበራትን ከነአባሎቻቸው አስወጣ፤ አባላቱ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። መንግሥት ያላፈረሰውን ኅብረት ሠራተኛው በፍርሃት በገዛ እጁ አፈረሰው። ይህን ሕግ የተካው የ1959 ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ተብሎ የተሻረው በ1965 ነው፤ ያሻረውም አርቺ ብራውን የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የወደብ ሠራተኛ ነበር። በመካከሉ 18 ዓመት አልፏል።

ከሳሹ የማይታወቅ ክስ ለእኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ቤት እንዲያስተዳድሩ፣ ጥቃቅን ክርክሮችን እንዲዳኙና ለነዋሪው እንዲያገለግሉ የታሰቡ ነበሩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን በየከተማው የፖለቲካ ግድያ በተስፋፋ ጊዜ፣ እነዚሁ ማኅበራት ታጥቀው ቤት ለቤት ለሚደረግ አሰሳ፣ ለእስርና ለ«ነፃ እርምጃ» ተሰማሩ። በዚያን ጊዜም የቀበሌ አመራር አባላት በጥይት ይገደሉ ነበርና ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ሆኖም የጎረቤት ጥቆማ ማስረጃ በሆነበት ሰፈር የቤትና የቂም ጠብም እንደ ፖለቲካ ክስ ይቀርባል፤ በጥቆማ የሞተ ልጅም ጠቋሚው በውሸት ቢገኝ ተመልሶ አይነሣም። በአሜሪካ ውሉ ሥራን አስነጠቀ፣ ሰውን ከአገር አስወጣ፤ እኛ ዘንድ ሕይወትን ጠየቀ። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652ም ጋዜጠኞችንና የተቃዋሚ ፓርቲ ሰዎችን ለማሰር ውሎ፣ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከተፈጸመው ጥቃት 45 ቀን በኋላ ፓትሪየት አክት የተባለው ሕግ ወጣ። ከ100 ሴናተሮች መካከል በተቃውሞ ድምፅ የሰጠ ራስ ፋይንጎልድ ብቻ ነበር። ከጥቃቱ ምርመራ ጋር በተያያዘ 762 የውጭ አገር ሰዎች በስደተኞች ሕግ ታሰሩ፤ የ1920ው በር እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ተቆጣጣሪ በ2003 እንደገለጸው፣ አንድ እስረኛ ከሽብር ጋር ግንኙነት እንደሌለው ለማጣራት በአማካይ 80 ቀን ፈጅቷል። በዚሁ ሕግ ሽፋን መንግሥት የመላውን ሕዝብ የስልክ ጥሪ መዝገብ፣ ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደደወለ፣ በስውር ሲሰበስብ ቆየ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተሰየመው የመንግሥት ቦርድ በጃኑዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ይህ መዝገብ አገሪቱን በሚያሰጋ የሽብር ጉዳይ ላይ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት አንድም ጊዜ እንዳላገኘ አስታወቀ። የጅምላው ስብሰባ በ2015 በወጣ ሕግ እንዲቆም ተደረገ።

ይህን ምሥጢር በጁን 2013 ለዓለም የገለጠው ኤድዋርድ ስኖደን ግን በዚያው ወር ተከሰሰ። ከቀረቡበት ሦስት ክሶች ሁለቱ የተመሠረቱት ዩጂን ዴብስን ወደ ወኅኒ ባወረደው፣ በጁን 1917 በወጣው የስለላ ሕግ ነው።