የፕሮግራም መጫንና ማዘመን ስህተቶች

የፕሮግራም መጫንና ማዘመን ስህተት ማለት አንድን ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ለመጫን ወይም ቀድሞ የተጫነውን ወደ አዲስ እትም ለማሳደግ ሲሞከር ሥራው ሳይጠናቀቅ የሚቋረጥበት ሁኔታ ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ የሚሠሩ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮችን ይመለከታል። እንዲህ ያለ ስህተት ሲደጋገም ኮምፒውተሩ እንደተበላሸ በመቁጠር ፎርማት ማድረግ የተለመደ ነው፤ በዚህም ቅጂ ያልተያዘላቸው ፋይሎች ይጠፋሉ። አብዛኞቹ ስህተቶች ግን ከጥቂት መንስኤዎች ስለሚመነጩ መጫኑ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ በመለየት ሊፈቱ ይችላሉ።

የመጫን ደረጃዎች

አንድ ፕሮግራም ሲጫን በአራት ደረጃዎች ያልፋል።

1. ማውረድ፦ ፋይሉ ከኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተሩ ይመጣል።
2. ማረጋገጥ፦ ፋይሉ ሙሉ መሆኑና የአሳታሚው ዲጂታል ፊርማ ይመረመራል።
3. መገልበጥ፦ የታሸጉት ፋይሎች ተፈትተው በዲስኩ ላይ ይጻፋሉ።
4. መመዝገብ፦ ፕሮግራሙ በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው «ዊንዶውስ ኢንስቶለር» የተባለው አገልግሎት ከእነዚህ አንዱ ሲከሽፍ የተጀመረውን ሁሉ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል። የመጫኑ መስመር እስከ መጨረሻው ሄዶ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የስህተት ቁጥሮች

ከስህተቱ መልእክት ጋር የሚመጣው ቁጥር መንስኤውን ስለሚጠቁም መስኮቱን ከመዝጋት በፊት መመዝገብ ይገባል። ረጃጅሞቹ ቁጥሮች ከፊታቸው ዜሮና ኤክስ ይኖራቸዋል።

* 1601፦ የዊንዶውስ ኢንስቶለር አገልግሎት ሊገኝ አልቻለም።
* 1603፦ ጠቅላላ ስህተት ነው። ፕሮግራሙ ቀድሞ ተጭኖ ከሆነ ወይም ሥርዓቱ በሚጫንበት ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ከሌለው ይከሰታል።
* 1618፦ ሌላ ፕሮግራም በመጫን ላይ ነው። እስኪያልቅ መጠበቅ ወይም ኮምፒውተሩን ዳግም ማስነሳት ይበቃል።
* 1638፦ የዚያው ፕሮግራም ሌላ እትም አለ። ቀድሞ የነበረውን ማራገፍ ያስፈልጋል።
* 3010፦ ስህተት አይደለም። መጫኑ ተሳክቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን ዳግም መነሳት አለበት።
* 80070005፦ ፈቃድ ተከልክሏል።
* 80070070፦ በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም።

ዋና ዋና መንስኤዎች

የዲስክ ቦታ። የታሸገው ፋይል ሲፈታ ከመጠኑ በላይ ስለሚሰፋ፣ 1 ጊጋባይት የሆነ ፋይል ለመጫን 1 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ላይበቃ ይችላል። ፕሮግራሙ በሌላ ዲስክ ላይ ቢጫን እንኳ ጊዜያዊ ፋይሎች ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት ዊንዶውስ ባለበት በሲ ዲስክ ነው።

ፈቃድ። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጫኑት በአስተዳዳሪ መለያ ብቻ ነው። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ፈቃድ ሆን ተብሎ ስለሚያዝ፣ መፍትሔው የኮምፒውተሩን ኃላፊ መጠየቅ ነው።

የተሳሳተ ቀን። ፕሮግራም የሚወርድባቸው ገጾች በዲጂታል ምስክር ወረቀት ይረጋገጣሉ። የእነዚህ ወረቀቶች ዕድሜ አጭር ነው፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር ጀምሮ የሚሰጡት ከ398 ቀናት አይበልጡም። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ዓመት ከተሳሳተ ወረቀቱ «ገና ያልጀመረ» ወይም «ጊዜው ያለፈ» መስሎ ይታያል፤ ማውረዱም ይከለከላል። ለምሳሌ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት በፈረንጁ ቦታ ያስገባ ሰው ኮምፒውተሩን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በኢትዮጵያ ሰዓቱን ለማስተካከል ከሰዓት ክልሎች ዝርዝር ናይሮቢ የሚለውን መምረጥ ይቻላል፤ ሁለቱ አገሮች አንድ ሰዓት ይጋራሉና። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሰል ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይህች ባትሪ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት።

የተጓደለ ፋይል። መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ የወረደው ፋይል ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። አሳታሚው ኤስኤችኤ-256 የተባለውን መለያ ካወጣ፣ የወረደው ፋይል መለያ ከእርሱ ጋር ይነጻጸራል፤ አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ትክክል አይደለም። ትልቅ ፋይል በፍላሽ ሲገለበጥም ፍላሹ ፋት32 በተባለው አደረጃጀት ከሆነ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም።

አለመጣጣም። ባለ 64 ቢት ፕሮግራም በባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይጫንም። አሮጌ ዊንዶውስም አዳዲስ እትሞችን ያጣል፤ ለምሳሌ ጉግል ክሮም በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው እስከ 109ኛው እትም ብቻ ነው።

የዝማኔ ስህተቶች

ዊንዶውስ ራሱን ሲያዘምን የሚያወርዳቸው ፋይሎች «ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን» በተባለ ፎልደር ይጠራቀማሉ። ከመካከላቸው የተበላሸ ካለ ዝማኔው በየጊዜው በአንድ ቦታ ላይ ሊቆም ይችላል። በመጀመሪያ በሴቲንግስ ውስጥ ያለውን የችግር መፈለጊያ መጠቀም ይመከራል። ካልተሳካ የዊንዶውስ አፕዴት አገልግሎት ይቆማል፣ በፎልደሩ ውስጥ ያሉት የወረዱ ፋይሎች ይሰረዛሉ፣ ከዚያም አገልግሎቱ እንደገና ይጀመራል። የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ከተበላሹ «ዲዝም» እና «ኤስ ኤፍ ሲ» የተባሉት መጠገኛዎች አሉ፤ ቅደም ተከተሉም ዲዝም በፊት፣ ኤስ ኤፍ ሲ በኋላ ነው። ዲዝም ጤነኛ ፋይሎችን አብዛኛውን ጊዜ ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ግንኙነት ይፈልጋል።

ኢንተርኔቱ «በመጠን የሚከፈልበት» ተብሎ ከተመዘገበ ዊንዶውስ ብዙ ዝማኔዎችን በራሱ አያወርድም። ይህ የተጠቃሚው ምርጫ እንጂ ብልሽት አይደለም። በተቃራኒው አንዳንድ ጫኝ ፋይሎች ትንንሽ ሆነው ዋናውን ክፍል በሚጫኑበት ጊዜ ያወርዳሉ። ግንኙነት በሚቆራረጥበት ቦታ ሙሉውን ጫኝ ፋይል አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማዳረስ የተሻለ ነው።

ጥንቃቄ

ጸረ-ቫይረስን ዘግቶ መጫን በብዛት የሚሰጥ ምክር ቢሆንም አደገኛ ነው፤ በተለይ ፋይሉ ከአሳታሚው ገጽ ካልመጣ ማስጠንቀቂያው ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። የተሰበረ ቁልፍ ያላቸው ፕሮግራሞች የቫይረስ መተላለፊያ ከመሆናቸውም በላይ በአግባቡ አይዘመኑም።

ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከዚያ በፊት ቁጥሩን ማንበብ፣ ዳግም ማስነሳት፣ ቦታን፣ ቀንንና ፈቃድን ማየት፣ ፋይሉንም እንደገና ማውረድ ይቀድማል። ፎርማት ማድረግ ግድ ከሆነም ሰነዶችና ፎቶዎች አስቀድመው በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ አለባቸው።