ተተኪን አስቀድሞ ስለ ማዘጋጀት

ሙሴ ኢያሱን በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ሁሉ ፊት አቁሞ እጁን የጫነበት ገና በሕይወት ሳለ ነበር (ዘኍ. 27)። ኢያሱም አስቀድሞ ለዓመታት አገልጋዩ ሆኖ ሥራውን ከቅርብ ተምሯል። ሙሴ የገዛ ልጆቹን አለመተካቱንም ልብ ይሏል። ስለ ኢያሱ ተተኪ ግን መጽሐፍ አይናገርም፤ ቀጥሎ የሚነበበው የዘመነ መሳፍንት ሁከት ነው።

በሰበካ ጉባኤያት የልማት ሥራዎችም ይኸው ይታያል። የወፍጮው መለዋወጫ ከየት እንደሚገዛ፣ ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ሲታመም ወይም ሲያርፍ ገቢው ይቆማል፤ የባንክ ፊርማው እስኪቀየርም ገንዘቡ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ምርጫ ከመድረሱ ከስድስት ወር በፊት ተተኪው ከነባሩ ጋር ሒሳብ ይዝጋ፣ ዕቃ ይግዛ፣ ባንክ ይሂድ እንላለን። ርክክቡም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ነባሩ አገልጋይ ለጥቂት ወራት በአማካሪነት ይቆይ።