የነኮማው ፒራሚድ

በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ግዛት፣ ወደ ካናዳ ድንበር በሚዘልቀው የእርሻ ሜዳ ላይ፣ ነኮማ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከመንደሯ አለፍ ብሎ አናቱ የተቆረጠ ግዙፍ የኮንክሪት ፒራሚድ ቆሟል። በአራቱም ጎኖቹ ላይ ትልልቅ ክብ ገጾች አሉት፤ የራዳሩ ዓይኖች ናቸው። ከየትኛውም አቅጣጫ የሚመጣን የኒውክሌር አረር ለይተው አክሻፊ ሚሳኤሎችን እንዲመሩ ተሠርተው ነበር። ሴፍጋርድ የተባለው ይህ የመከላከያ ሥርዓት ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ በኦክቶበር 1975 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሙሉ ሥራ ጀመረ ተባለ። በዚያው ሳምንት የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሥርዓቱ እንዲዘጋ ድምፅ ሰጠ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም ተዘጋ።

አንድ አገር ራሱን የሚከላከልበትን መሣሪያ ስለ ምን ይዘጋል? ከባላንጣው ጋር ተቀምጦስ “ሁለታችንም አንከላከል” ብሎ እንዴት ይፈርማል? ዋሽንግተን ዛሬ “ጎልደን ዶም” ለተባለው አዲስ ጋሻ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለማፍሰስ በተነሣችበት ጊዜ፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች ያኔ የተሰጠውን መልስ ማወቅ ግድ ይላል።

ሴፍጋርድ ሁለት ዓይነት ሚሳኤል ነበረው። ስፓርታን የሚባለው ትልቁ፣ መጪውን አረር ከከባቢ አየር ውጪ ርቆ ሄዶ የሚቀበለው ነው። ከስፓርታን ያመለጠውን ስፕሪንት ይጠብቀዋል። ስፕሪንት ስምንት ሜትር ገደማ የሚረዝም ሹል ሚሳኤል ሲሆን፣ ከጉድጓዱ ተስፈንጥሮ በወጣ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ከድምፅ አሥር እጥፍ ይፈጥን ነበር። በአየሩ ፍትጊያ ቆዳው እስኪግል ድረስ ይነድዳል። ነገሩ ሁሉ በሰከንዶች የሚያልቅ በመሆኑ ስሌቱ ለኮምፒውተር የተተወ ነበር። በዚያ ዘመን የሚበርን አረር በቀጥታ ገጭቶ ለመጣል የሚያበቃ ትክክለኛነት ስላልነበረ፣ ሁለቱም ሚሳኤሎች የኒውክሌር ቦምብ ተሸክመዋል። የስፓርታኑ ብቻ ሂሮሺማ ላይ ከወደቀው ከ300 እጥፍ በላይ ኃይል ነበረው። አሜሪካ በገዛ ሰማይዋ ላይ የኒውክሌር ቦምብ እያፈነዳች ራሷን ልትከላከል አስባ ነበር ማለት ነው። ፍንዳታው ደግሞ የራሷን ራዳር ለጊዜው ሊያሳውር ይችላል።

ሕዝቡን ያስቆጣውም ይኸው ቦምብ ነው። ከሴፍጋርድ በፊት የነበረው ዕቅድ ሴንቲኔል ይባላል፤ ሚሳኤሎቹን በትልልቅ ከተሞች አቅራቢያ ለመትከል ያቀደ ነበር። በ1968 መጨረሻና በ1969 መጀመሪያ የቦስተን፣ የቺካጎና የሲያትል አካባቢ ነዋሪዎች “ከቤታችን አጠገብ የኒውክሌር መሣሪያ አይቀበርም” ብለው ተነሡ። ሳይንቲስቶችም ከጎናቸው ቆሙ። ሃንስ ቤተ እና ሪቻርድ ጋርዊን በማርች 1968 ባወጡት ጽሑፍ፣ አጥቂው ከአረሩ ጋር ርካሽ ፊኛዎችን ቢለቅ ጋሻው እንደሚታለል አስረዱ። አየር በሌለበት ጠፈር ላይ ከባዱ አረርና ባዶው ፊኛ እኩል ይጓዛሉ፤ ራዳሩ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ፕሬዚዳንት ኒክሰን የከተሞቹን ዕቅድ ሰርዘው ጋሻውን የአሜሪካ አጥቂ ሚሳኤሎች ወዳሉባቸው ጉድጓዶች አዛወሩት፤ ሴፍጋርድ የተባለውም ያኔ ነው። ይህም ቢሆን በኦገስት 1969 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት 50 ለ50 ተከፈሉ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ስፒሮ አግኒውም ድምፃቸውን ጨምረው ፕሮጀክቱ ለጥቂት ተረፈ። ተራው ሰው በስትራቴጂ ጉዳይ አያገባውም ለሚሉ ሁሉ የምጠቅሰው ይህን ታሪክ ነው።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁን 1967፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰንና የሶቪየቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሲ ኮሲጊን በኒው ጀርሲዋ ግላስቦሮ ተገናኝተው ነበር። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ሁለቱም ወገኖች የሚሳኤል መከላከያቸውን እንዲገድቡ ሲያስረዱ ኮሲጊን ተቆጡ። ለእሳቸው መከላከል ቅን ነገር፣ ማጥቃት ደግሞ ነውር ነበር። እውነትም ሲሰሙት የኮሲጊን ሐሳብ ልብ ይገዛል።

ሆኖም የማክናማራ ስሌት ጠንካራ ነበር። አንዱ ጋሻ ሲያነሣ ሌላው ያን ጋሻ የሚያጥለቀልቅ ተጨማሪ ሚሳኤል ይሠራል፤ ሚሳኤል መጨመር ጋሻ ከመጨመር ይቀላል። ከዚህ የከፋም አለ። ጋሻው ያልተነካ የጠላት ኃይል በሙሉ ቢተኮስ አያስቆምም። ነገር ግን ባለ ጋሻው ቀድሞ መትቶ የጠላቱን አብዛኛውን ሚሳኤል መሬት ላይ ካወደመ፣ ለበቀል የሚተኮሰውን ጥቂት ቅሪት ጋሻው ሊመክተው ይችል ይሆናል። ስለዚህ ጋሻውን ከማዶ ሆኖ የሚያየው ወገን የሚያነብበው የመጀመሪያውን ምት ዝግጅት ነው። በቀውጢ ሰዓት ደግሞ “ሳይቀድመኝ ልቅደም” የሚለው ፈተና ይበረታል።

ሞስኮ ይህን አመዛዝና ተቀበለችው። በሜይ 26 ቀን 1972 ኒክሰንና የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭ የፀረ ባሊስቲክ ሚሳኤል ስምምነትን ሞስኮ ላይ ፈረሙ። እያንዳንዳቸው በሁለት ቦታ 100፣ 100 አክሻፊ ሚሳኤል ብቻ ተፈቀደላቸው፤ በ1974 አንድ ቦታ ብቻ ሆነ። ሶቪየቶች ሞስኮን፣ አሜሪካ ነኮማን መረጡ። በባሕር፣ በአየርና በጠፈር የሚተከል መከላከያ በሙሉ ተከለከለ። ስምምነቱ የወረቀት ጌጥ አልነበረም። በ1983 የአሜሪካ ሳተላይቶች ሳይቤሪያ ውስጥ ክራስኖያርስክ አጠገብ የሚሠራ ግዙፍ ራዳር አገኙ። ለዓመታት ከተካሄደ ንትርክ በኋላ፣ በ1989 የሶቪየቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሼቫርድናዜ ራዳሩ ስምምነቱን የጣሰ መሆኑን በአደባባይ አመኑ፤ ራዳሩም እንዲፈርስ ተደረገ። ባላንጣ መንግሥት ጥፋቱን እንዲህ ሲያምን ስንቴ አይተናል?

ፕሬዚዳንት ሬጋን በ1983 ባነሡት የጠፈር ጋሻ ሕልም ምክንያት ከሶቪየቶች ጋር የተደረገው የሬይክያቪኩ ድርድር በ1986 ያለ ውጤት ተበተነ፤ ስምምነቱ ግን ዘለቀ። ያፈረሱት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ናቸው፤ በዲሴምበር 2001 መውጣታቸውን አሳወቁ፣ በቀጣዩ ጁን ተፈጻሚ ሆነ። ዛሬ አላስካና ካሊፎርኒያ ውስጥ የተተከሉት 44 አክሻፊዎች አረሩን በቀጥታ ገጭተው የሚጥሉ ናቸው፤ ቦምብ አይሸከሙም። በተደረጉላቸው ሙከራዎች የተሳካላቸው ከግማሽ ጥቂት በሚበልጡት ነው። የፊኛው ጥያቄ ዛሬም የሚያከራክር ነው።

በእስራኤል ከተሞች በአሽቀሎንና በቂርያት ጋት የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ አይረን ዶም የተባለው ጋሻ ሮኬት ሲያከሽፍ በዓይናቸው አይተዋል፤ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ይህን ያየ ሰው “ይኸው ይሠራል” ቢል አይፈረድበትም። ግን አይረን ዶም የተሠራው በቅርብ ርቀት ለሚተኮስ ሮኬት ነው፤ አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይምዘገዘጋል። ያመለጠ አንድ ሮኬት ቤት ያፈርሳል፤ ያመለጠ አንድ የኒውክሌር አረር ከተማ ያጠፋል። ከአሥር ዘጠኙን ማክሸፍ በመጀመሪያው ድል፣ በሁለተኛው እልቂት ነው።

ፕሬዚዳንት ፑቲን በማርች 2018 አዳዲስ የኒውክሌር መሣሪያዎችን ሲያስተዋውቁ ምክንያት ያደረጉት አሜሪካ ከ1972ቱ ስምምነት መውጣቷን ነበር። የማክናማራ ስሌት ከሃምሳ ዓመት በኋላም እንዳልተሻረ የማየው እዚህ ላይ ነው። ቻይናም በምዕራብ በረሃዎቿ አዳዲስ የሚሳኤል ጉድጓዶች ቆፍራለች። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሜይ 2025 ለጎልደን ዶም 175 ቢሊዮን ዶላር ግምት ይዘው ሲቀርቡ፣ ሩሲያና ቻይና በዚያው ወር አስቀድመው የጋራ ተቃውሟቸውን አሰምተው ነበር። በ2010 ዋሽንግተንና ሞስኮ የፈረሙት የኒውክሌር ቅነሳ ስምምነት በማጥቂያና በመከላከያ መሣሪያ መካከል ያለውን ቁርኝት በመግቢያው ላይ ያነሣል፤ በጋሻው ላይ ግን የቁጥር ገደብ አላስቀመጠም። የእሱም ዘመን የተወሰነው እስከ ፌብሩዋሪ 2026 ነበር። ከ2002 ወዲህ ዋሽንግተንና ሞስኮ የአክሻፊዎቻቸውን ቁጥር የሚገድብ ሌላ ውል አልፈረሙም።